ጉልበቱ ሲድን ክርኑ ያብጣል

ጥያቄ፦ ዶክተር ጤና ይስጥልኝ፣ ከጎንደር አዘዞ ነኝ። የ11 ዓመት ልጄን ትኩሳት ከያዘው ሦስት ሳምንት አለፈው ይሄዳል ይመጣል፣ መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ አበጠ፣ እሱ ሲተወው ቁርጭምጭሚቱ፣ አሁን ደሞ ክርኔን ይላል እንጀራ መቁረስ ሁላ አቅቶታል። አያቱ ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችው፣ ክሊኒክ ደም ሰጥቶ ታይፎይድ ነው ተባለ መድኃኒቱን ሁለት ዙር ጨረሰ ምንም ለውጥ የለም፣ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ እንኳን ጻፉልን። ከነገሩኝ ሁሉ ልቤን የያዘው አንዱ ሲሻለው ሌላው ማበጡ ነው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለ ልጅ ላይ እብጠት እንዲህ ሲዞር መጀመሪያ የማስበው ሩማቲክ ፊቨርን ነው። እስቲ ያስታውሱ፣ ጉልበቱ ከማበጡ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ጉሮሮዬን ብሎ ምራቅ መዋጥ አቅቶት ነበር? በስትሬፕቶኮከስ የመጣ ቶንሲል በደንብ ሳይታከም ሲቀር ሰውነት ለባክቴሪያው ያዘጋጀው መከላከያ ዞሮ የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ያጠቃል። እንጥል ማስቆረጥም ከዚህ አያድንም፣ እባካችሁ እሱን ነገር እንተወው። መገጣጠሚያው ይድናል፣ እኔን የሚያስፈራኝ የልብ ቫልቩ፣ ደም የሚያሳልፈው በር ነው፣ አንዴ ከተበላሸ እንደነበረ አይመለስም።

ታይፎይድ የተባለው ዊዳል በሚባለው የደም ምርመራ ከሆነ እሱ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፣ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ለጀርሙ ያዘጋጀውን መከላከያ (አንቲቦዲ) ስለሆነ ድሮ ታሞ የዳነም ሌላ በሽታ ያለበትም ላይ ፖዘቲቭ ሊል ይችላል።

ስለዚ ነገ ዛሬ ሳይሉ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ይውሰዱት፣ የደም ምርመራ፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) እና የልብ አልትራሳውንድ ያስፈልገዋል። እስከዛ ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ እንዳያስወጉት፣ እብጠቱን ያጠፋውና ሐኪሙ የሚያየው ነገር ያጣል፣ ይልቅ ያበጠ ቀን በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያሳዩት። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ከሆነ ወይም መተማና ሁመራ አካባቢ ሰንብቶ ከነበረ ሳይጠየቁ ይናገሩ፣ ከጥሬ ወተት የሚመጣው ብሩሴላ፣ በዚያ አካባቢ የሚያዙት ወባና ካላዛርም መታየት አለባቸው።

ሩማቲክ መሆኑ ከተረጋገጠ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለዓመታት ይወጋል፣ ልጁ ድኖ ኳስ ሲራገጥ አይታችሁ መርፌውን እንዳታቋርጡ አደራ። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ጋደም ሲል መተንፈስ ካቃተው ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይዘውት ይሂዱ።