የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ እንግዳ ተባይ ወደ ቀፎአችን እንዳይገባ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በደቡብ ወሎ ቃሉ ወረዳ፣ ከኮምቦልቻ ብዙ በማይርቅ ቀበሌ ነው፤ 12 ዘመናዊና 7 ባህላዊ ቀፎዎች አሉኝ። በኅዳር ማር ስቆርጥ በአንዲት ሠራተኛ ንብ ጀርባ ላይ የተጣበቀ ቀይ ቡናማ ነገር አየሁ። ጎረቤቴ «የንብ ቅማል ነው፤ ከጥንትም ያለ ነውና አትጨነቅ» አሉኝ፤ የልጄ ጓደኛ ደግሞ «ከውጭ የመጣ ቫሮዋ የሚባል ተባይ ነው» አለኝ። እውነቱ የትኛው ነው? ከውጭ የሚመጣ ተባይ እንዳይገባብኝስ በእኔ አቅም ምን ዓይነት ዕቅድ ማውጣት ይቻላል?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ተባዮች በአገራችን ስለሚገኙ የጎረቤትዎም የወጣቱም ግምት ሊሆን የሚችል ነው። የሚለዩትም በዓይን ነው። የንብ ቅማል የምንለው ክንፍ የሌለው የዝንብ ዘር ሲሆን፣ ከላይ ሲመለከቱት ስድስት እግሮቹ ከሰውነቱ ግራና ቀኝ ወጥተው ይታያሉ፤ ብዙ ጊዜም በንግሥቲቱ ደረት ላይ ተቀምጦ ከአፏ ምግብ ይሻማል እንጂ ሰውነቷን አይበሳም። ቫሮዋ ግን የመዥገር ዘመድ ነው። ቀይ የጤፍ ፍሬ ያህላል፤ ነገር ግን ጠፍጣፋ ነው፣ ወርዱም ከቁመቱ ይበልጣል፤ ስምንቱ እግሮቹ ከቅርፊቱ ሥር ስለሚሸሸጉ ከላይ ሲያዩት እግር ያለው አይመስልም። አብዛኛውን ጊዜም በንቧ ሆድ ቅርፊቶች መካከል ስለሚሸጎጥ፣ በጀርባ ላይ አንድ ከታየ ያልታዩ ሌሎች ሊኖሩ እንደሚችሉ ማሰብ ይገባል።

በእርግጠኝነት ለማወቅ የሚያስፈልገው ክዳኑ ወንፊት የሆነ የብርጭቆ ማሰሮና ጥቂት ስኳር ብቻ ነው። ንግሥቲቱ አለመኖሯን ካረጋገጡ በኋላ፣ እጭ ካለበት ፍሬም ላይ ሁለት የቡና ስኒ የሚሞላ ንብ፣ ይኸውም በግምት 300 ያህል፣ ወደ ማሰሮው ያራግፉ፤ በሙቀጫ ዱቄት እስኪሆን የተወቀጠ ደረቅ ስኳር ሁለት ማንኪያ ጨምረው ለአንድ ደቂቃ ያህል ማሰሮውን በቀስታ ያንከባልሉት፤ ጥቂት ካቆዩት በኋላም ገልብጠው ጥቂት ውኃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ ያራግፉት። ስኳሩ ሲሟሟ ቫሮዋው እንደ ቀይ ነጥብ ሳህኑ ላይ ይቀራል፤ የተገኘውን ቁጥር ለሦስት ሲያካፍሉት ከመቶ ንብ ስንት እንዳለ ያውቃሉ። ነጭ ዱቄት የለበሱት ንቦች ሳይሞቱ ወደ ቀፎአቸው ይመለሳሉ፤ እኅቶቻቸውም ልሰው ያጸዷቸዋል። ንቦቻችን ቁጡ ስለሆኑ ይህን የሚያደርጉት አመሻሽ ላይ፣ ፊትዎን ሸፍነውና በቂ ጢስ ይዘው ይሁን።

ቫሮዋ ቢያገኙ አይደንግጡ፤ ቀፎ ማቃጠልም አያስፈልግም። የዚህ ተባይ የመጀመሪያ ባለቤት የእስያ ንብ ናት፤ ወደ እኛ ንብ ዘር የተሻገረው ሰው ቀፎ ይዞ ከአገር አገር መዘዋወር ከጀመረ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በደቡብ አፍሪካ፣ በ2009 በኬንያ የተገኘ ሲሆን በኢትዮጵያም ተመዝግቧል። የአፍሪካ ንብ ግን እርስ በርሷ የመጽዳትና የታመመ እጭን አውጥታ የመጣል ልማድ ስላላት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ያደረሰውን ያህል እልቂት በእኛ ዘንድ አላደረሰም። ስለዚህ ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ ቀፎ ውስጥ እንዳይረጩ አጥብቀን እንለምንዎታለን፤ ንቡን ይገድላል፣ ሰሙንና ማሩንም ይመርዛል።

ዋናው ሥጋት ገና ያልደረሰብን ተባይ ነው። ትሮፒሌላፕስ የሚባለው ሌላው የእስያ ተባይ ርዝመቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ቀጭን ነገር ሲሆን፣ በማር እንጀራው ላይ በፍጥነት ይሮጣል፤ የሚመገበው ከእጭና ከሙሽሬ (በክዳን ሥር ሆኖ ወደ ንብነት ከሚለወጠው እጭ) ብቻ ስለሆነ እጭ በሌለበት ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም፤ እጭ ባለበት ቀፎ ግን ከቫሮዋ ይልቅ ፈጥኖ ይባዛል። ከዚህ ጠባዩ የምንረዳው ነገር ቢኖር፣ እጭ የያዘ ፍሬም ከሰው መቀበል እጭ የሌለውን መንጋ ከመቀበል እጅግ የከፋ አደጋ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ዕቅድዎ ከዚህ ይጀምር። ለእያንዳንዱ ቀፎ በቀለም ቁጥር ይጻፉለትና በደብተር ላይ ንቡ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ፣ ማን እንደሸጠው፣ ሰሙ የማን እንደሆነ ያስፍሩ። ይህ ብዙ አናቢ የሚንቀው ሥራ ነው፤ ነገር ግን ችግር በተፈጠረ ቀን ባለሙያ መጥቶ የሚጠይቅዎ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። ከገበያ የተገዛንም ሆነ በቅርንጫፍ ላይ የተያዘን መንጋ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው አያስቀምጡ። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል እስከምትወጣ 21 ቀን ስለሚፈጅ፣ ሁለት ዙር እስኪፈለፈል 42 ቀን ለብቻው ይቆይ። ንብ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ስለምትበር በአንድ ጓሮ ውስጥ መለየት ብዙም አይረዳም፤ ከወንዝ ማዶ ዘመድ ካለዎት እዚያ ያኑሩት። ቢላዎንና መሮዎን ከአንዱ ቀፎ ወደ ሌላው ሲሻገሩ በእሳት ያስመቱት። ያገለገለ ፍሬም ወይም አሮጌ ሰፈፍ በርካሽ ሲቀርብልዎ ደግሞ አይግዙ።

እርስዎ ያሉበት ቦታ ከሌላው ወሎ ይልቅ ንቁ ዓይን ይሻል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ የሚመጣ ጭነት ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ይራገፋል፤ የንብ መንጋ ደግሞ በኮንቴይነር ጥግ ሰፍሮ ባሕር እንደሚሻገር በብዙ አገር ታይቷል። ትንሿ የእስያ ንብ እ.ኤ.አ. በ1985 ካርቱም ላይ ተገኝታ ከዚያ ወዲህ ወደ አገራችንም ዘልቃለች። ይህች ንብ ቀፎ አትገባም፤ አንዲት ነጠላ የማር እንጀራ በቅርንጫፍ ላይ ገላልጣ ትሠራለች፤ ካዩ ፎቶ አንሥተው ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። አውስትራሊያ በወደቦቿ ዙሪያ ጠባቂ ቀፎዎች፣ ይኸውም እንግዳ ተባይ ሲገባ ቶሎ እንዲታወቅ በየጊዜው የሚመረመሩ ቀፎዎች፣ ስታኖር ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 በኒውካስል ወደብ ካሉት በአንዳንዶቹ ላይ ቫሮዋ አገኘች፤ ወዲያውም ብዙ ሺህ ቀፎዎች ተወገዱ፤ ነገር ግን በሴፕቴምበር 2023 ተባዩን ጨርሶ ማጥፋት እንደማይቻል አምና ተቀበለች። ያን ያህል አቅም ያለው አገር ከገባ በኋላ ማስወጣት ካቃተው፣ የእኛ ጥረት ሁሉ ሳይገባ በፊት መሆን አለበት። በእኛ እምነት ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ የአናቢ ማኅበራት ከግብርና ባለሙያዎች ጋር ሆነው አራት አምስት ጠባቂ ቀፎ ቢያኖሩና በየስድስት ሳምንቱ የስኳሩን ምርመራ ቢያደርጉ፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ለመላው ወሎ ነው።

የማያውቁት ተባይ ካጋጠመዎ ከነንቡ በአልኮል በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ አድርገው፣ ቀኑንና የቀፎውን ቁጥር ጽፈው፣ በወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ በኩል ወደ ኮምቦልቻው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ እንዲደርስ ያድርጉ። ውጤቱ እስኪታወቅ ከቀፎዎቹ አንዱንም አይሽጡ፣ አያዋሱም።

ጥያቄ፦ ከላስታ ነው የምጽፈው። አውሮፓ የሚኖር ወንድሜ «ብዙ ማር የሚሰጡ፣ የማይናደፉ ንግሥቶች በትንሽ ሳጥን ልላክልህ» ይለኛል። ልቀበል?

መልስ፦ አይቀበሉ፤ ወንድምዎንም በፍቅር ይከልክሏቸው። ንግሥት ብቻዋን አትጓዝም፤ የሚቀልቧት ሠራተኞች አብረዋት ይታሸጋሉ፤ ተባዩም በእነርሱ ሆድ ሥር፣ የንብ በሽታ ቫይረስም በሰውነታቸው ውስጥ ይመጣል። ያለ መንግሥት ፈቃድና ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ንብ ማስገባት ሕገ ወጥም ነው። የባዕድ ንብ ጣጣ ከተባይም ያልፋል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 አናቢዎች በአገሪቱ ደቡባዊ ጫፍ የምትኖረውን የኬፕን ንብ ወደ ሰሜን ይዘው ሄዱ፤ ያችም ንብ በሌሎች ቀፎ እየገባች፣ ያለ ድንጉላ (ያለ ወንድ ንብ) እየተራባች እጅግ ብዙ ቀፎ አጠፋች። ይህ የሆነው በአንድ አገር ውስጥ፣ የአገሩኑ ንብ ከቦታዋ በማንቀሳቀስ ነው። ላስታ ስሙ ከንብ ጋር የተያያዘ ንጉሥ የነገሠበት፣ ነጭ ማሩም የታወቀ አገር ነው፤ ያን ማር የሚሰጡት ደጋውንና ድርቁን የለመዱት የእርስዎ ንቦች ናቸው። ወንድምዎ ሊረዱዎ ከፈለጉ ጥሩ የፊት መሸፈኛና አዲስ፣ ያላገለገለ የማር ማጣሪያ ይላኩልዎ።

ጥያቄ፦ ከደሴ። በበጋ ንቦቼ ሲራቡ ከሱቅ የገዛሁትን የታሸገ ማር ብቀልባቸው ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው። እጭን አበስብሶ የሚገድል አንድ የባክቴሪያ በሽታ አለ፤ ዘሩ በማርና በሰም ውስጥ ከ35 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል፤ ሰውን አይጎዳም፣ ለንብ እጭ ግን ጥፋት ነው፤ ተራ ማፍላትም አያጠፋውም። ምልክቱ የጎደጎደና የተበሳ የእጭ ክዳን፣ መጥፎ ሽታ፣ በክብሪት እንጨት ሲነኩት እንደ ክር የሚሳብ ቡናማ ዝልግልግ ነው። ስለዚህ ምንጩን የማያውቁትን ማር ትተው የስኳር ብጥብጥ፣ በሶ ወይም የሽሮ ዱቄት ይቀልቧቸው። የተገዛው ማር ያለቀበትን ዕቃም ደጅ አይጣሉት፤ ንቦች ቀርበው እንዳይልሱት በሙቅ ውኃ አጥበው፣ ክዳኑን ገጥመው ያኑሩት።