360 ዶላር ብሎ ገብቶ 840 ከፍሎ ወጣ

ጥያቄ

የፊታችን ግንቦት ልጄ ቨርጂኒያ ውስጥ ትመረቃለች። እኔና እናቷ ዋሽንግተን፣ ዱለስ ኤርፖርት ነው የምንወርደው። ሰው ማስቸገር ስለማልወድ ለ10 ቀን መኪና ልከራይ አስቤያለሁ። ስልክ ላይ ያየሁት በቀን 36 ዶላር ይላል፤ 360 ብዬ ያዝኩ። አምና እዚያው የሄደ የሰፈሬ ሰው ግን 360 ብሎ ገብቶ 840 ከፍሎ ነው የወጣው። ደረሰኙን ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። ተዘርፎ ነው ወይስ አገሩ እንዲህ ነው? መንዳቱ እንኳ አያሳስበኝም፤ የደንገጎን ዳገት 27 ዓመት በአይሱዙ ወጥቼ የወረድኩ ሰው ነኝ።

ጋሼ ተ.፣ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን

መልስ

ጋሼ፣ አንቱ ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። የድሬ ልጅ አንቱታ እንደማይሆንለት ታውቃለህ፤ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንተ እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ወደ ድሬ ተመልሼ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ከመቀመጤ በፊት አሜሪካ፣ አንድ ትልቅ ኤርፖርት ውስጥ፣ የመኪና አከራይ ካውንተር ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ደሞዙ ትንሽ ነበር፤ የቤት ኪራዬን የሚከፍልልኝ ኮሚሽኑ ነው። ኮሚሽኑ ደግሞ ከመኪናው አይመጣም፤ መኪናውንማ ሰው ቤቱ ሆኖ በስልኩ ጨርሶ ነው የሚመጣው። የሚመጣው እኛ ከላይ ከምንደርበው ነው። እናም ደረሰኙን ሳይ፣ ካውንተሩ ላይ የነበረውን ልጅ በዓይኔ ባላየውም አወቅኩት።

ከላይ እንውረድ። የመኪናው ኪራይ 360፤ ልክ ነው። ከሥሩ 40 ዶላር አለ፣ ጎኑ ላይ 11.11 በመቶ የሚል። ሰው ሁሉ እዚህች ቁጥር ላይ ይደናገራል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አከራዩ ኤርፖርቱ ግቢ ውስጥ ስለሚሠራ ከገቢው 10 በመቶውን ለኤርፖርቱ ይከፍላል፤ ያንን ደግሞ ከደንበኛው ላይ ይሰበስባል። ግን የሰበሰበውም ገቢ ተብሎ ይቆጠርበታልና ከእሱም ላይ 10 በመቶ ይሄድበታል። 36 ዶላር ቢቀበልህ ይጎድልበታል። 40 ሲቀበልህ ግን ድምሩ 400 ይሆናል፣ የ400 አሥር በመቶ ደግሞ 40። ብዙ የአሜሪካ ኤርፖርቶች ላይ ያቺን 11.11 የምታያት ለዚህ ነው። ቀጥሎ ያለው ሌላ 40 የቨርጂኒያ የኪራይ መኪና ግብር ነው፣ 10 በመቶ። ደረስን 440። እስከዚህ ማንም አልዘረፈውም። እዚህ የእኛ ኤርፖርት በር ላይ ሾፌሩን "ከነናፍጣው ነው?" ብለህ ተከራክረህ፣ ተኮራርፈህ፣ ተመልሰህ ትስማማለህ። እዚያ ግን ክርክሩ አስቀድሞ ታትሞ አልቋል፤ ካውንተር ላይ ያለው ልጅ እንኳን 40 ዶላር፣ አንዲት ሳንቲም የመቀነስ ሥልጣን የለውም።

የቀረው 400 ነው የእኛ የእጅ ሥራ።

እንዴት እንደሚሠራ ላሳይህ። ሰውየው አውሮፕላን ላይ ስንት ሰዓት ተቀምጦ መጥቷል፣ እግሩ አብጧል፣ ሚስቱ ሻንጣው ላይ ተቀምጣለች። ከኋላው ሰልፍ አለ። ኢንሹራንስ "ትፈልጋለህ?" ብለን አንጠይቅም፤ "አልፈልግም" ማለት ይቀለዋላ። "ሙሉውን ጥበቃ ላድርግልህ ወይስ መካከለኛውን?" ነው የምንለው። ከዚያ መዳፍ የምታህለውን የመፈረሚያ ስክሪን እናዞርለታለን። አራት ቦታ በጣቱ ይፈርማል፤ አንዱንም አያነብም። እኔ ራሴ ስንቱን ያገሬን ሰው በአማርኛ "እዚህ ጋ ፈርም አባቴ" ብዬ አስፈርሜያለሁ። አቦ፣ ይቅር በሉኝ።

ወዳጅህ ሦስት ነገር ገዝቷል። የመኪናው ጉዳት መሸፈኛ በቀን 26፣ ማለትም 260። መንገድ ላይ ብትቆም የምትረዳበት በቀን 7፣ ማለትም 70። አስቀድሞ የተከፈለ ቤንዚን፣ ሌላ 70። የመጨረሻው ያናድደኛል። ሙሉ ታንክ ነው የሚሸጡልህ፤ ግማሹን ሳትጠቀም ብትመልስ የተረፈው የእነሱ ነው። ደረሰኙ ግርጌ ላይ የተመለሰበት የነዳጅ መጠን ተጽፏል፦ ግማሽ። 35 ዶላር አራግፎ ሄደ ማለት ነው። ሞልተህ ተቀበል፣ ከኤርፖርቱ ጥቂት ማይል ሲቀርህ ሞልተህ መልስ፣ ደረሰኙን ያዝ። ሳትሞላ ከመለስክ ደግሞ በጋሎን የሚያስከፍሉህ ከማደያው ዋጋ እጅግ በላይ ነው። (ጋሎን ወደ 3.8 ሊትር ነው፤ የማደያውን ዋጋ አይተህ ረከሰ ብለህ እንዳትደሰት።)

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። ወዳጅህ ይህን ሁሉ ገዝቶ፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውን አልገዛም። የጉዳት መሸፈኛው የሚያየው የተከራየኸውን መኪና ብቻ ነው። ሰው ብትገጭ፣ የሰው መኪና ብታበላሽ አያውቅህም። ያ ሌላ ነው፤ በእኛ አገር ሦስተኛ ወገን የምንለው። አሜሪካዊው ደንበኛ "አልፈልግም" ብሎ በኩራት የሚሄደው፣ የራሱ መኪና ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ ኪራይ መኪናም ላይ ስለሚከተለው ነው፤ አንዳንዱ ክሬዲት ካርድም የመኪናውን ጉዳት ይሸፍንለታል። አንተ ከሳቢያን ስትሄድ ሁለቱም የሉህም። እዚያ አገር የአንድ ሌሊት የሆስፒታል ሂሳብ አይሱዙህን ያሸጥሃል። እኔ ብሆን የመንገድ እርዳታውንና ቤንዚኑን ትቼ ሦስተኛ ወገኑን እጨምራለሁ፤ በቀን 15 ዶላር ወዲያ ወዲህ ነው። አስላው፦ ያው 850 ገደማ ትገባለህ። አየህ፣ ወዳጅህ የከፈለው አልበዛም፤ የገዛው ነው ያልሆነው።

የሚቀንስበት መንገድ ግን አለ። ልጅህ የራሷ መኪና ኢንሹራንስ ካላት በእሷ ስም ይከራይ፣ አንተ ተጨማሪ ሹፌር ሆነህ ተመዝገብ። ለተጨማሪ ሹፌር በየቀኑ ያስከፍላሉ፣ ቢሆንም ይሻላል። ኢንሹራንሷ ኪራይ መኪናንና አንተን ይሸፍን እንደሆነ ግን ቀድማ ደውላ ትጠይቅ። የመጀመሪያ ቀን እሷ ትቀበላችሁ፤ በርበሬና ሽሮ የሞላ ሻንጣ ይዘህ ካውንተር ላይ አትቁም። በማግስቱ ከሰፈር ቅርንጫፍ ብትከራዩ የኤርፖርቱ 40 ዶላር ይቀርላችኋል፤ የግዛቱ ግብር ግን አይቀርም። የሰፈር ቅርንጫፍ እሁድ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፣ ማታም በጊዜ ይዘጋል።

በራስህ ስም ከሆነ ሁለት ነገር ያዝ። ካርዱ በሹፌሩ ስም መሆን አለበት፣ ብዙዎቹም ለመያዣ ክሬዲት ካርድ ነው የሚፈልጉት፤ ባንክ ለጉዞ የሚሰጠውን፣ ገንዘብ የሚሞላበትን ካርድ ካውንተር ላይ አይቀበሉትም። ከኪራዩ በላይ ጥቂት መቶ ዶላር ያግዳሉ፣ መኪናውን ከመለስክ ከቀናት በኋላ ይለቃሉ። ሌላው ስም ነው። ፓስፖርትህ የአያትህን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይዞታል፣ ካርድህ ላይ ያለው ግን አንተና አባትህ ናችሁ። ልጁ በአያትህ ስም ፈልጎ "ቦታ አልያዝክም" ይልሃል። ስትይዝ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ጻፍ፣ ካርዱም እንደዚያው ይውጣልህ።

ሰዓቱንም ልብ በል። እኔ ገና ሥራ ሳልጀምር፣ በሄድኩ በወሩ፣ መኪና ተከራይቼ መመለሻው "10:00" ይል ነበር። እንደለመድኩት 10 ሰዓት ብዬ ከምሳ በኋላ ዘና ብዬ መጣሁ። ለካ የእነሱ 10 የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት አሳለፍኩ፣ የሙሉ ቀን ኪራይ ተጨመረብኝ። ከአንድ ዓመት በኋላ ካውንተሩ ጀርባ ቆሜ ይኸው በሌላ ያገሬ ልጅ ላይ ሲደርስ አየሁና ከዚያ ወዲህ ለሐበሻ ውሉ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ የእኛን ሰዓት እጽፍለት ነበር።

መንገድ ላይ፣ ከዱለስ ስትወጣ ሁለት መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። መሃል ያለው ለኤርፖርት ተጓዥ ነጻ ነው፤ ዳርና ዳር ያለው ያስከፍላል። የክፍያ መንገድ ከገባህና የምትከፍለው መስታወቱ ላይ ባለው፣ ሂሳቡን በራሱ በሚመዘግበው የአከራዩ መሣሪያ ከሆነ፣ ከክፍያው ሌላ በየቀኑ የአገልግሎት ይጨምሩብሃል። ልጅህ የራሷ መሣሪያ ካላት የመኪናውን ታርጋ አስገብታ ያንን ተጠቀሙ። ስትረከብም ስትመልስም መኪናውን ዙረህ በቪዲዮ ቅረጸው፣ ጎማውንም፣ የነዳጅ ጌጁንም። እንኳን ደስ ያላችሁ።

ጥያቄ

ሁለት እንግዶች ድሬዳዋ ኤርፖርት ይወርዱልኛል፤ ሐረርንና ባቢሌን ሊያዩ ነው። ሾፌሩ ለሦስት ቀን "ሁሉም ውስጡ ነው" ይላል። ልስማማ? ከሐረር፣ ሸዋ በር

መልስ

"ሁሉም" ምን ምን እንደሆነ አስቆጥሪው፦ ናፍጣው፣ የሾፌሩ አበልና ማደሪያ፣ የመመለሻው መንገድ። ደግሞ ሦስት ቀን ለምን? ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጀጎል ውስጥ በእግር ነው የሚኬደው፤ መኪናው በር ላይ ቆሞ ይውላል፣ አንቺ ትከፍያለሽ። ለመምጫው አንድ ጊዜ፣ ለባቢሌ አንድ ቀን ያዢ። ለታኅሣሥ 19 ኩሉቢ ሰሞን ከሆነ ግን ዛሬውኑ ተዋዋዪ።