የራሺያ ገበሬ ነፃ ከወጣ በኋላ ለምን አመፀ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ ትምህርት ቤት እያለን ዛር አሌክሳንደር ዳግማዊ በ1861 ገበሬውን ነፃ አወጣ ብለው ነው ያስተማሩን። ታዲያ በ1905 ያ ገበሬ የባላባቱን ግቢ ሲያቃጥል የነበረው ምን ጎድሎበት ነው? (አንባቢያችሁ ከአዳማ)

መልስ፦ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው የባላባት ንብረት መሆኑ ቀርቷል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መሬቱ ግን በነፃ አልተሰጠውም። መንግስት ለባላባቱ አብዛኛውን ዋጋ ቀድሞ በቦንድ ከፈለና ከገበሬው በ49 ዓመት ከነወለዱ ልሰብስብ አለ፣ ዋጋው ብዙ ቦታ ከገበያው በላይ ነው፣ በዛ ላይ ድሮ ሲያርሰው ከነበረው ተቆርጦ ለባላባቱ የቀረ አለ፣ ብዙ ጊዜ ግጦሹና ወደ ውሃ መውረጃው ነው የተቆረጠው፣ እና ሰውየው ከብቱን ለማጠጣት ተመልሶ የዛው ባላባት ማሳ ላይ በጉልበቱ ይከፍላል።

ከዛ ደግሞ ሚር አለ፣ የመንደሩ ማህበር ማለት ነው። ብዙ ቦታ መሬቱም የማህበሩ ነው ግብሩም የጋራ ዕዳ ነው፣ ጎረቤትህ ካልከፈለ አንተ ትከፍላለህ፣ ይሄ እስከ 1903 ቆይቷል። እንዲህ ከሆነ ማን ጎረቤቱን ከመንደር ይለቃል? ፒተርስበርግ ፋብሪካ ልቀጠር ያለ ወጣት በገዛ አገሩ ውስጥ ፓስፖርት ማውጣት ነበረበት፣ ለሱም የአባወራውን ፈቃድ ይጠየቃል። ለመንግስት ግን ተመችቶታል፣ በየቤቱ ሳይዞር መንደሩ ራሱ ይሰበስብለታላ።

በ1889 ደሞ ዘምስኪ ናቻልኒክ የሚባሉ ሹሞች፣ አብዛኞቹ መኳንንት፣ በላዩ ላይ ተሾሙበት፤ የመንደሩን ውሳኔ ያግዳሉ፣ ያለ ፍርድ ቤት ያስራሉ። የገበሬዎች ፍርድ ቤት እስከ 1904 ድረስ በአርጩሜ ያስገርፍ ነበር፣ ልጆች ያሉትን ትልቅ ሰው በአርጩሜ!

አንዳንድ የታሪክ ምሁራን ገበሬው የሚባለውን ያህል አልደኸየም፣ ምርቱም እያደገ ነበር ይላሉ፣ ማስረጃቸውም ቀላል አይደለም። ግን የ1891 ረሃብና ተከትሎት የመጣው ኮሌራ ወደ 400 ሺህ ሰው ፈጅቷል ተብሎ ይገመታል፣ ደሞ ጥጋብ ቢኖር እንኳ እንደ ልጅ የሚገረፍ ሰው ቂም አይይዝም ብዬ አላምንም። እኔ ጥፋቱን የማየው እዚህ ላይ ነው፣ መንግስት ገበሬውን እንደ ግብር ከፋይና እንደ ሞግዚት ፈላጊ እንጂ እንደ ዜጋ አላየውም።

ያ የመሬት ዕዳ እንዲሰረዝ የተወሰነው እንኳ ግቢዎቹ መቃጠል ከጀመሩ በኋላ ህዳር 1905 ላይ ነው፣ ከ1907 ጀምሮ ቀረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስቶሊፒን በ1906 የፈለገ ከሚር ወጥቶ መሬቱን በግሉ ይያዝ አለ፣ የወጡ አሉ፣ ብዙው ግን አልወጣም፣ የወጡትንም በ1917 ብዙ ቦታ ጎረቤቶቻቸው በግድ ወደ ሚር መልሰዋቸዋል።