በደብረ ብርሃን ዙሪያ በእግር መውጣት ከየት ልጀምር ላሉት እኅታችን

ውድ እኅታችን፣ ከሐዋሳ ወደ ደብረ ብርሃን በሥራ ተዛውረው ከመጡ ሁለት ወር እንደሆነዎት፣ መኪና እንደሌለዎት፣ እሑድ እሑድ ግን ከ11 ዓመት ልጅዎ ጋር በአቅራቢያ ያሉትን ኮረብታዎችና ደን በእግር ማየት እንደሚፈልጉ ጽፈዋል። ከየት ልጀምር፣ ብቻችንን ብንሄድስ፣ ምን ዓይነት ጫማ ያስፈልገናል ብለው ጠይቀዋል። እኔ በዚህ አገር ጋራና ሸንተረር ከ15 ዓመት በላይ ተመላልሻለሁና ረዘም አድርጌ ብመልስ ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

ከሁሉ በፊት የሰላሙን ነገር። የሚሄዱበትን አካባቢ የሰሞኑን ሁኔታ በዋዜማው ከዚያው ከሚኖር ወይም ከዚያ ከመጣ ሰው ይጠይቁ። «ዛሬ ይቅር» ካሉዎት ይቅር፤ ጋራው የትም አይሄድም።

ቀጥሎ ትንፋሽዎ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ። ዳገቱ ላይ ልብዎ ቢመታና ትንፋሽ ቢያጥርዎት የከፍታው አየር ስስ ስለሆነ ነው። ልጅዎ ቀድሞዎት ቢሮጥ ተከትለው አይሩጡ።

አሁን ወደ ጥያቄው። ብዙ ሰው እዚህ እንደመጣ ወፍ ዋሻ የሚባለው ደን ውሰዱኝ ይላል። እኔ ግን ከደጃፍዎ ቆመው ከሚያዩት ጉብታ ይጀምሩ እላለሁ። ከከተማው ዳር ባህር ዛፍ የተተከለባቸው፣ ከፊላቸው ደግሞ ግጦሽ የሆኑ ኮረብታዎች በየአቅጣጫው አሉ። አንዱን ይምረጡና ሦስት አራት እሑድ እሱኑ ይውጡ፤ በተለያየ ወገን፣ በተለያየ ሰዓት። የመጀመሪያው ቀን የሚያዩት ሣርና ድንጋይ ነው። በሦስተኛው ጦስኙ የት እንደሚበዛ ከሽታው ይለያሉ፣ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ፊትዎ ያውቀዋል፣ እረኞቹም በሩቅ እጅ ያወዛውዙልዎታል። ይህን ያህል የማስረዝመው፣ እዚህ አገር መንገድ የሚያሳየው ሰው ስለሆነ ነው። በየኮረብታው የሚያዩት ቀጭን መንገድ ሁሉ የአንድ ሰው መንገድ ነው፤ ወደ ወንዝ፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ገበያ ያደርሳል። እኛ በሰው መንገድ የምናልፍ እንግዶች ነን።

ስለዚህ ሰላምታ ሳይሰጡ አይለፉ። አንድ ነገር ከብዙ ድካም በኋላ ተምሬአለሁ፤ እረኛን «ሩቅ ነው?» ብለው አይጠይቁ። ለእሱ ሩቅ የሚባል ቦታ ብዙም የለም፣ «ይቺው ማዶ ናት» ይልዎታል፤ ማዶዋ ግን ሁለት ፈፋ ወርዶ ሁለት ዳገት መውጣት ሊሆን ይችላል። «አንተ ከዚህ አሁን ብትነሣ ስንት ሰዓት ትደርሳለህ?» ይበሉት። የሰጠዎትን ጊዜ እጥፍ አድርገው ይያዙ።

በገብስና በባቄላ ማሳ መካከል ሲያልፉ ወሰኑን ይዘው ይሂዱ፤ በተለይ እህሉ በሚደርስበት በኅዳር አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ መግባት የሰው ጉሮሮ መርገጥ ነው። የድንጋይ ካብ ሲሻገሩ ድንጋይ ከወደቀ መልሰው ይደርድሩት። ቤት ሲቃረቡ ከሩቅ «ቤቶች!» ብለው ይጣሩ። ውሻው የሚነሣብዎት ድንገት ሲደርሱበት ነው፤ ባለቤቱ ድምፅዎን ሰምቶ ከወጣ ግን ይይዘዋል። ከመጣብዎት አይሩጡ፤ ልጅዎን ከኋላዎ አድርገው ይቁሙና ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ይበሉ። እስካሁን ለእኔ በቅቶኛል።

ይህን ከለመዱ በኋላ የአንኮበርን መንገድ ይሞክሩ። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በሕዝብ ማመላለሻ ይኬዳል። የጥንቱ ቤተ መንግሥት የነበረበት ጉብታ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ከአናቱ ቆመው ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ መሬቱ ደረጃ በደረጃ እየወረደ እስከ አፋር ቆላ ድረስ ይሄዳል። የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የውጭ መልእክተኞችን የተቀበሉበት አገር እንደሆነ ለልጅዎ ይንገሩት፤ በመጽሐፍ ከሚያነበው ይልቅ እዚያ ቆሞ የሰማውን አይረሳውም። በስሟም አንኮበርን የያዘች ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች፤ ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን የምትኖረው በኢትዮጵያ ብቻ፣ በእንዲህ ዓይነቱ የገደል አፋፍ ነው።

በገደሉ አፋፍ ጭላዳ የሚባሉትን ዝንጀሮዎች ያገኛሉ። ሌሊቱን ገደል ላይ አድረው፣ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ወጥተው ቁጭ ብለው ሣሩን በጣታቸው እየነጩ ይበላሉ። ማለዳ ቢደርሱ ሲወጡ ያዩአቸዋል። ምግብ ግን ፈጽሞ አይስጧቸው፤ የሰው እጅ የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬው ማሳ ውስጥ ይገባል፣ የሚደበደበውም እሱ ነው።

ወፍ ዋሻን በመጨረሻ ያስቀመጥሁት ስለምወደውም ስለምፈራውም ነው። በአንኮበር፣ በደብረ ሲናና በጉዶ በረት በኩል ይገባበታል። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶና አስታ፤ ከቅርንጫፉ እንደ ሽበት የሚንጠለጠለው ነገር ጤዛ ይዞ ሲያብረቀርቅ የሚያዩበት ደን ነው። ጉሬዛ ይዘላል፣ ድኩላ ድንገት ይነሣል። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የመናገሻ ደን የተተከለው ከዚህ በተወሰደ ዘር እንደሆነ በአፈ ታሪክ ይነገራል።

አንድ ጥር ላይ ከጓደኛዬ ጋር ያለ መሪ ገባን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ሰባት ሰዓት ሲሆን ከቆላው በኩል ጉም ተነሣ፤ የቆላው ሙቅ አየር ገደሉን ይዞ ሲወጣ እየቀዘቀዘ ጉም ይሆናልና ከቀትር በኋላ ይህ የተለመደ ነው፣ እኛ ግን አላሰብነውም። አሥር እርምጃ ፊት ያለው ዛፍ ጠፋ። የከብት መንገዱ ሦስት ቦታ ተከፈለ። ጅረት ተከትለን ከወረድን ሰው ቤት እንደርሳለን ብለን ወረድን፤ ጅረቱ ገደል አፋፍ ላይ አደረሰንና ቁልቁል ተወረወረ። እዚያ ተቀምጠን ስንጣራ የጠፋች ጥጃ ይፈልግ የነበረ፣ ከልጅዎ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ደረሰልን። በዚያ ጉም ውስጥ መንገዱን በእግሩ እየዳበሰ አወጣን። ከዚያ ወዲህ ያለ አገሬው መሪ ገብቼ አላውቅም። እርስዎም አይግቡ፤ ለመሪው የሚገባውን ክፍያ ከመነሣትዎ በፊት ይነጋገሩ፣ በማለዳ ይግቡና ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ፊትዎን ወደ መውጫው ያዙሩ። ጉም ከያዘዎት ቁልቁል አይውረዱ፤ ባሉበት ተቀምጠው ይጣሩ።

ብቻችንን ብንሄድስ ላሉት እንግዲህ መልሱ ይኸው ነው፤ ለደጃፍዎ ጉብታ አዎ፣ በቀን፣ የሚመለሱበትን ሰዓት ለጎረቤት ነግረው። ለደኑ አይሆንም። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ኮረብታውንም ይተዉት፤ መብረቁ አናት ላይ ያለን ሰውና ለብቻው የቆመን ዛፍ ይመርጣል።

ስንቅ ቆሎና ዳቦ ይበቃል፣ ውኃ ከቤት ይያዙ። ከኅዳር እስከ ጥር ማለዳው ውርጭ፣ ቀትሩ የሚያቃጥል ፀሐይ ስለሆነ ባርኔጣም ጋቢም ያስፈልጋል፤ ጋቢው ላብዎ ሳይደርቅ አናት ላይ ሲያርፉ ነው የሚፈለገው። ጫማን በተመለከተ ውድ መሆን የለበትም። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ቀድሞ የለመዱት ይሁን። ለልጅዎ በወፍራም ካልሲ የሚገባለትን ቁጥር ይግዙለት፤ በቁልቁለት ላይ ጣቱ ፊት ለፊት እየተገጨ የሚቆስለው ልክክ ባለ ጫማ ነው።