የሒሳብ ጥያቄና መልስ፦ ሠላሳኛው ቁጥር ላይ በስንት እርምጃ ይደረሳል?

ጥያቄ፦ ልጄ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በፈተና ላይ «7፣ 11፣ 15፣ 19 እያለ በሚቀጥለው የቁጥሮች ቅደም ተከተል 30ኛው ቁጥር ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ቀርቦላት፣ 4ን በ30 አባዝታ 7 ደመረችበትና 127 ብላ ብትመልስ ተሳስተሻል ተባለች። እኔም ደጋግሜ ብሠራው የማገኘው ይህንኑ ነው። ስሕተቱ ምን ላይ ነው? የ30ዎቹን ቁጥሮች ድምር ለማግኘትስ ቀመር ከመሸምደድ ሌላ መንገድ አለ?
— አንድ አባት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ቅር አይበልዎትና መምህሩ ልክ ናቸው፤ መልሱ 123 ነው። ልጅዎ ማባዛቱንም መደመሩንም በትክክል ሠርታለች፤ የተሳሳተችው እርምጃዎቹን ስትቆጥር ነው። ጉዞው የሚጀምረው 7 ላይ ቆመን ስለሆነ ለመጀመሪያው ቁጥር ምንም አንደምርም፤ ሁለተኛው ላይ ለመድረስ አንድ ጊዜ፣ ሦስተኛው ላይ ለመድረስ ሁለት ጊዜ 4 እንደምራለን፤ በዚህ ዓይነት 30ኛው ላይ የምንደርሰው 29 ጊዜ ደምረን ነው። 29 በ4 ሲባዛ 116፣ 7 ሲደመርበት 123 ይሆናል። 30 እንጨት ተክሎ አጥር ያጠረ ሰው በእንጨቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ቢቆጥር 29 ብቻ ያገኛል፤ ነገሩ ይኸው ነው። የልጅዎ 127ም ከተርታው ውስጥ አለ፤ ነገር ግን 31ኛው ላይ።

ይህ ስሕተት በተገላቢጦሹም ያጋጥማል። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በየአራት ዓመቱ፣ በዘመነ ሉቃስ ነው። ከ1999 እስከ 2015 ዓ.ም. ስንት ጊዜ 6 ቀን ሆነች ቢባል፣ ብዙ ሰው 16ን ለ4 አካፍሎ «4 ጊዜ» ይላል። ዓመታቱን ብንጠራቸው ግን 1999፣ 2003፣ 2007፣ 2011 እና 2015 ናቸው፤ አምስት። 4 የእርምጃዎቹ ቁጥር ነው እንጂ የዓመታቱ አይደለም።

ወደ ድምሩ ስንመጣ፣ ልጅዎ ወረቀት ላይ ተርታውን ከ7 እስከ 123 ትጻፍ፤ ከሥሩ ያንኑ ተርታ ገልብጣ ከ123 እስከ 7 ትድገመው። ከላይና ከታች የተገጣጠሙትን ስትደምር 7 እና 123፣ 11 እና 119፣ 15 እና 115 ሁሉም 130 ይሰጧታል፤ ላይኛው በ4 በጨመረ ቁጥር ታችኛው በ4 ይቀንሳልና። ባለ 130 ጥንዶቹ 30 ስለሆኑ በጠቅላላው 3900 ይመጣል፤ ተርታውን ሁለት ጊዜ ስለጻፍነው ግማሹ 1950 መልሱ ነው። አንዳንድ አስጠኚዎች ተርታውን አንድ ጊዜ ብቻ ጽፈው ጫፍና ጫፉን ያጣምራሉ፤ ይህ ቁጥሮቹ 31 ሲሆኑ መሐለኛውን ያለ ጓደኛ ስለሚያስቀር ተማሪውን ያደናግራል። ሁለት ጊዜ በመጻፍ ግን 31 ጊዜ 134፣ ግማሹ 2077 ተብሎ ያለ ችግር ያልቃል።

ጥያቄ፦ ስፌት ሰፍቼ የምተዳደር ነኝ። 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ሰፌድ የ30ውን እጥፍ አስከፍላለሁ፤ ድካሙ ግን ከእጥፍ የሚበልጥ ይመስለኛል። በሒሳብ ይታወቃል?
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ በሚገባ ይታወቃል፤ ያለ ዋጋዎ ሲሸጡ ኖረዋል። በአክርማ ሣር የሚጠቀለለው የስንደዶ እጀታ (ከውስጥ የሚገባው የሣር እስር) ውፍረት 1 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። የመጀመሪያው ዙር በእጀታው መሐል ለመሐል ቢለካ 3.14 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሁለተኛው 9.42፣ ሦስተኛው 15.70 እያለ ይሄዳል። እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው የሚበልጠው በ6.28 ስለሆነ ይህም ልክ እንደ ተማሪዋ ጥያቄ እኩል የሚጨምር ተርታ ነው። (በርግጥ ስፌት የሚሄደው እየተጠማዘዘ ነው እንጂ በተዘጋ ክብ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን ለዋጋ የሚያሳስብ አይደለም።)

30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰፌድ 15 ዙር አለው። የመጨረሻው ዙር ከ14 እርምጃ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ 91.06 ይሆናል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሲደመሩ 94.20፣ በ15 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 706.5 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 7 ሜትር ያህል ነው። ትልቁ 30 ዙር አለው፤ የመጨረሻው ዙር 185.26፣ ጠቅላላው 2826 ሳንቲ ሜትር ነው። 28 ሜትር ከ7 ሜትር አራት እጥፍ መሆኑን ልብ ይበሉ። በእጥፍ ብቻ የሚያድገው የዳር ጠርዙ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ለጠርዙ ትንሽ ቀንሰው ወደ አራት እጥፍ የተጠጋ ዋጋ ቢጠይቁ አልበዛም።

ጥያቄ፦ አበቅቴ (የፀሐይ ዓመት ከጨረቃ ዓመት የሚበልጥባቸው ቀናት ድምር) በየዓመቱ በ11 ይጨምራል ሲባል እሰማለሁ። የ2017 ዓ.ም. 1፣ የ2018 12፣ የ2019 23 ከሆነ የ2020 34 መሆን ሲገባው 4 የሚባለው ለምንድን ነው?
— የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ

መልስ፦ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር፣ ቁጥሩ 30 ሲሞላ ስለሚገደፍ ነው፤ 34 ሠላሳውን ጥሎ 4 ይቀራል። 11 የመጣው የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ከመሆኑ ነው። በቀጥታ ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረህ ለ19 ታካፍላለህ፤ ከቀሪው ላይ አንድ ስትቀንስ ወንበሩን (ከ19 ዓመቱ ዑደት ስንት እርምጃ እንደተሄደ የሚያሳየውን ቁጥር) ታገኛለህ፤ ቀሪው ዜሮ ከሆነ ወንበሩ 18 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝተህ ሠላሳ ሠላሳውን ስትገድፍ አበቅቴው ይወጣል። አንድ የምትቀንሰው ከላይ ለልጅቱ አባት በነገርኳቸው ምክንያት ነው፦ የመጀመሪያው ዓመት ላይ ገና ምንም እርምጃ አልተሄደም።

እኩል መጨመሩ የሚሰበርበት አንድ ቦታ ግን አለ። በ2024 ዓ.ም. ወንበሩ 18፣ አበቅቴውም 18 ነው። በ2025 ዓ.ም. 29 ይሆናል ብለህ ብትጠብቅ ወንበሩ ወደ ዜሮ ይመለስና አበቅቴው አልቦ (ዜሮ) ይሆናል፤ ማለትም ከ18 ተነሥቶ 30ን ለመሙላት በ11 ሳይሆን በ12 ጨምሯል። 19 ጊዜ 11 የሚሰጠው 209 ነው፤ ሰባት ሠላሳ የሚሞላው ግን በ210 ስለሆነ፣ የጎደለችው አንዷ ቀን በየ19 ዓመቱ እዚያ ላይ ትገባለች።