መልስ፦ የኤክሶን ፒኢ ዝቅ ስላለ አክሲዮኑ ርካሽ ነው?

«የኤክሶንሞቢል ፒኢ ዝቅ ብሏል፣ ልግዛ?» ላልከው፣ በአንድ ዓመት ትርፍ እንዳትሸወድ። ፒኢ (P/E) ማለት የአክሲዮኑ ዋጋ ለአንድ አክሲዮን ለደረሰው የዓመት ትርፍ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። የነዳጅ ኩባንያ ፒኢ ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚለው ትርፉ ጣሪያ ሲነካ ነው። ኤክሶን እ.ኤ.አ. በ2020 ወደ 22 ቢሊዮን ዶላር ከሰረ፤ በ2022 ደግሞ ወደ 56 ቢሊዮን አተረፈ። ታዲያ በየትኛው ዓመት ልትመዝነው ነው?

ይልቅ የ10 ዓመቱን ውሰድ። ለአንድ አክሲዮን የደረሰውን የየዓመቱን ትርፍ በአሜሪካ የሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ (የዋጋ ንረት መለኪያው) ወደ ዛሬ ዶላር ቀይረህ አማካዩን አውጣ፣ ከዚያ የዛሬውን የአክሲዮን ዋጋ ለዚያ አማካይ አካፍል። የምጣኔ ሀብት ባለሙያው ሮበርት ሺለር ለጠቅላላው የአክሲዮን ገበያ ያስተዋወቀው ስሌት ነው። ጠቅላላ ትርፉን ግን እንዳትጠቀም፤ ኤክሶን በ2024 ፓዮኒር የተባለውን የነዳጅ ኩባንያ የገዛው አዲስ አክሲዮን አውጥቶ ስለሆነ የአክሲዮኑ ቁጥር ጨምሯል።

የከሰረበትን ዓመትም አትዝለል። እርግጥ የ2020ው ኪሳራ አብዛኛው ከኪስ የወጣ ብር ሳይሆን የጋዝ ንብረቶቹ ዋጋ በመዝገብ ላይ ዝቅ ስለተደረገ የመጣ ነው፤ ግን እነዚያን ንብረቶች በውድ የገዛቸው ራሱ ነው፣ ስለዚህ ይቆጠርበት ባይ ነኝ።

ያገኘኸውን ቁጥር እንደሱ የነዳጅ ኩባንያ ከሆነው ከሼቭሮን ጋር አስተያየው። ከማይክሮሶፍት ጋር ማወዳደሩ ምንም አይነግርህም።