ወደ ላይ ያልተጠራው ሰው

በቅርቡ አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ አራት ዓመት ሙሉ እዚችው ትንሽ ላብራቶሪ ውስጥ ነኝ። ትልልቆቹ ድርጅቶች አልጠሩኝም። ዕድሜዬን እያባከንኩ ይሆን?» በቆምንበት መልስ መስጠት ከበደኝ። ቤቴ ስገባ ግን ፖተኬት ትዝ አለችኝና ዛሬም ድረስ የሚቆጨኝ ነገር ተቀሰቀሰ። (ዓመቶቹንና ቀኖቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፖተኬት በሮድ አይላንድ ግዛት ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የአሜሪካ የጥጥ መፍተያ ፋብሪካ በ1790ዎቹ የተጀመረው እዚያ ነው። የእኔም ሙያ ጨርቃ ጨርቅ ነው። ባሕር ዳር ጀምሬ፣ ስደት ሲያመጣኝ ከተማዋ ውስጥ ከቀሩት ጥቂት ፋብሪካዎች በአንዱ ሽመና ክፍል ገባሁ። ባልደረቦቼ ከኬፕ ቨርዴ፣ ከፖርቱጋልና ከኮሎምቢያ የመጡ ነበሩ። የቅዳሜ ፈረቃ ሲያልቅ ተያይዘን ማኮይ ስታዲየም እንሄዳለን።

እዚያ የሚጫወተው ፖውሶክስ ነበር፤ የቦስተን ሬድ ሶክስ መጋቢ ቡድን። ከአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ውድድር፣ ከሜጀር ሊግ፣ አንድ ደረጃ ብቻ ዝቅ ይላል። ተጫዋቹ እዚያ ይበስላል፣ ቦስተን ከፈለገው ይጠራዋል። ስለ ቤዝቦል ምንም አላውቅም ነበር። የወደድኩት መጀመሪያ ልጆቹን አይቼ ነው። የተጫዋቾቹ መቀመጫ ከተመልካቹ እግር ሥር ስለሆነ፣ ልጆቹ ጎኑን የቀደዱትን የወተት ፕላስቲክ በገመድ አስረው፣ ኳስና እስክሪብቶ ከተው ቁልቁል ይለቃሉ። ተጫዋቹ ይፈርማል፤ ልጁ ወደ ላይ ይስባል። ነገ ከነገ ወዲያ ኮከብ የሚሆኑ ሰዎች ፊርማ በወተት ዕቃ ሲወጣ አይቻለሁ።

የፋብሪካው ሰዎች ደጋግመው የሚያወሩት ግን የ1981ን ጨዋታ ነበር። ሚያዝያ ላይ ነው፣ የፈረንጆች ፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ማታ። ፖውሶክስ ከሮቸስተር ከተማ ቡድን ጋር ተጋጠመ። ቤዝቦል በዘጠኝ ዙር ያልቃል፤ እኩል ከሆኑ ግን አንዱ እስኪያሸንፍ ይቀጥላል። ዘጠኙ አለቀ፣ እኩል ናቸው። ሌሊቱ ገፋ። በ21ኛው ዙር ሮቸስተር አንድ አገባ፤ ወዲያው ዌድ ቦግስ ለፖተኬት አቻ አደረገ። ብርዱ አጥንት ይሰብር ስለነበር ተጫዋቾቹ የተሰበረ የቤዝቦል ዱላ እያነደዱ ይሞቁ ነበር። እኛ ለትንሣኤ ሌሊቱን ቆመን እንደምናነጋው እነሱም ሜዳ ላይ አነጉት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ፣ 32ኛው ዙር ሲያልቅ፣ ጨዋታው 2 ለ 2 እንዳለ ተቋረጠ። ከ1,700 በላይ ከገባው ሰው የቀሩት 19 ነበሩ።

ሰኔ 23 ቀጠሉት። ሜጀር ሊጉ የሥራ ማቆም አድማ ላይ ስለነበር ጋዜጠኛው ሁሉ ወደዚያች ከተማ ጎረፈ። 18 ደቂቃ ብቻ ፈጀ። በ33ኛው ዙር ዴቭ ኮዛ መታ፣ ማርቲ ባሬት ሮጦ ገባ፣ 3 ለ 2 አለቀ። በፕሮፌሽናል ቤዝቦል ታሪክ ከዚያ የረዘመ ጨዋታ የለም።

ከሁለቱ ቡድኖች ካል ሪፕከንና ቦግስ በኋላ በስፖርቱ የክብር መዝገብ ሰፈሩ። ቦግስም ቢሆን ቦስተን እስኪጠራው ስድስት ዓመት ከሜጀር ሊግ በታች ባለው በማይነር ሊግ ቆይቷል። ኮዛስ? ለፖተኬት ዓመታት ተጫወተ፤ ሜጀር ሊግ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተሰለፈም። የኛ ሠፈር ሰው ስሙን የሚጠራው በአክብሮት ነበር። ከስሞ የቀረ ሰው ነው ብሎ ያሰበ አላጋጠመኝም።

እናንተ ወጣቶች የማትገቡኝ እዚህ ላይ ነው። ሥራ በገባችሁ በስድስተኛው ወር ስለ ቀጣዩ ሥራ ታወራላችሁ። የጓደኛችሁን ሹመት ስልክ ላይ አይታችሁ እንቅልፍ ታጣላችሁ። አጠገባችሁ ያለውን ማሽን ግን ገና በቅጡ አላወቃችሁትም።

ቡድኑን ያዳነውም ሰው የሙያዬ ሰው ነው። ቤን ሞንዶር ከጨርቃ ጨርቅ ንግድ ጡረታ ወጥቶ፣ በ1977 የከሰረውን ቡድን ያዘ። የመግቢያ ዋጋውን የሠራተኛ ቤተሰብ የሚችለው አደረገው። በዓመት 70,000 ገደማ የነበረው ተመልካች በ2005 ከ680,000 አለፈ። እሱ በ2010 አረፈ። በ2015 ቡድኑ ለአዲስ ባለቤቶች ተሸጠ፤ አዲስ ስታዲየም ፈለጉ፣ ስምምነቱ አልተሳካም። በ2018 ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ዉስተር፣ እንደሚሄዱ አስታወቁ።

የሚቆጨኝ ይኸው ነው። 2020 የመጨረሻው ዓመት ይሆን ነበር። ፋብሪካችን ከተዘጋ ቆይቷል፤ የሽመና ክፍል ሰዎች ከያለንበት ተጠራርተን አንድ ጨዋታ አብረን ልናይ ተቀጣጠርን። ኮሮና መጣና አንድም ጨዋታ ሳይደረግ ቀረ። ስታዲየሙ ሜዳው ላይ ጠረጴዛ ዘርግቶ እራት ማቅረብ ሲጀምር ከባለቤቴ ጋር ሄድኩ። ሣሩ ላይ ተቀምጠን በላን። ምግቡ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን አልበላልህ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁላችንም አንድ ላይ አልተገናኘንም።

ቆዩ እያልኳችሁ፣ ቡድኑ ራሱ እንደሄደ አውቃለሁ። እኔም ፋብሪካው ሊዘጋ ሲል ቀድሜ ወጥቻለሁ፤ ልጆች ነበሩኝ። ደሞዝ የማይከፍል ወይም የሚያዋርድ ቦታ ላይ አትቆዩ። ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። ትንሽ ስለሆነ ብቻ የምትንቁት ቦታ ግን ያሳዝነኛል።

ማኮይን በ2025 አፈረሱት። ቦታው ላይ የከተማዋ አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሠራል። ትምህርት ቤት መሆኑ ደስ ይለኛል። የኮዛ ስም ግቢው ውስጥ አንድ ቦታ እንዲጻፍ ለከተማው ምክር ቤት ደብዳቤ ልኬያለሁ፤ እዚያ አካባቢ የምትኖሩ ካላችሁ እናንተም ጻፉ።